ይገባል

መርካቶ ውስጥ የመኪና እቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚኬደው ስም ይዞ ሳይሆን ናሙና ይዞ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቀን የሄድኩት ወረቀት ይዤ ነበር። የመኪናዬን ዓይነት፣ የተሠራችበትን ዓመት፣ የሞተሯን ስፋት አሳምሬ ጽፌ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። እስከ ጣሪያ በተሰቀሉ ፓራፋንጎዎችና በዘይት በወዙ ካምቢዮዎች መሀል በርጩማ ላይ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ወረቀቴን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። «ጋሼ፣ ወረቀት አይገጠምም» አለኝ። «የተበላሸውን ራሱን ፈተው ያምጡት።»

በሳምንቱ የተጣመመ ቸርኬ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ተቀበለኝ፤ አራቱን የቡሎን ቀዳዳዎች በጣቱ ዳሰሰ፤ የመሀሉን ትልቅ ቀዳዳ በመዳፉ ለካ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ተጣራ። አንድ ልጅ ሰማያዊ ቀለም የነካካው ቸርኬ እያንከባለለ ወጣ።

«የላዳ ነው» አለኝ ነጋዴው።

«የራሱ ነው?»

«የራሱስ አይደለም። ግን ይገባል።»

ቸርኬውን ገዝቼ ሄድኩ። ቃሉ ግን ቸርኬው ከተገጠመ በኋላም አለቀቀኝም፤ ይህን ጽሑፍ የሚያስጽፈኝም እሱ ነው።

መኪናዬ ፊያት 124 ስፖርት ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ጀርባዋ ወደ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርድ። ሳር ቤት አካባቢ ከአንድ ግቢ ሸራ ለብሳ፣ አራት ጎማዋ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ኮፈኗ ሥር ድመት ወልዳባት ነው ያገኘኋት። ሞተሯን ያወጣው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት ለፌራሪ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሮችን ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። በአብዛኛው ለእሽቅድምድም መኪና ይቀመጥ የነበረውን አሠራር፣ ማለትም ቴስታታው አናት ላይ ጎን ለጎን የሚዞሩ ሁለት ካምሻፍቶችን፣ ደሞዝተኛ ሊገዛው በሚችል 1438 ሲሲ ሞተር ላይ አስቀመጠው። የሚያዞራቸውም ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ያች ቺንጋ ከተበጠሰች ቫልቮቹ ጊዜያቸውን ይስታሉ፤ ተጋጭተው ሊጣመሙም ይችላሉ። ስለዚህ ከፍቼ ባየኋት ቁጥር ስንጥቅ እንዳይኖርባት በጣቴ አጥፌ እመረምራታለሁ።

ታዲያ ከላዳ ጋር ምን አገናኛት? እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት 124 ገና ለገበያ እንደወጣች ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋዋለች፤ ይህንኑ መኪና ቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ልትሠራው። ሩሲያውያኑ መኪናዋን ለመንገዳቸው እንድትሆን አድርገው ቀየሯት። ላሜራውን አወፈሩ፤ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው ጭቃና ድንጋይ በማይበግረው ታምቡር ተኩ፤ ሞተሩንም በሌላ ለወጡት። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ወጣች። በደርግ ዘመን ወደ እኛ መጣች፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባን ሕዝብ አመላለሰች። እንግዲህ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት እህትማማቾች ናቸው። አንዷ ለፍጥነት አጊጣ ቱሪን ቀረች፣ ሌላዋ ለሥራ ታጥቃ ወደ ቮልጋ ሄደች። ከስንት ዓመት በኋላ የተገናኙት መርካቶ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ በተቀመጠ ሰው መዳፍ ነው። ያ ሰው የቱሪንን ታሪክ አልነገረኝም፤ መዳፉ ግን ዝምድናቸውን አወቀ።

ዝምድናቸው ሙሉ አይደለም። የሁለቱም ቸርኬ 13 ኢንች ነው፤ የሁለቱም አራት ቡሎኖች 98 ሚሊሜትር በሆነ ክብ ላይ ነው የሚቀመጡት። የመሀሉ ቀዳዳ ግን ይለያያል። የላዳው ከፊያቱ በግማሽ ሚሊሜትር ግድም ይሰፋል። ስለዚህ የላዳ ቸርኬ ፊያት ላይ ይገባል፤ ትንሽ ይላወሳል እንጂ። ላወሳውን የነገረኝ ጎሚስታ ነው። ክሪኩን ሳላወርድ ቆሜ ሳለሁ የመጀመሪያውን ቡሎን ባለ በሌለ ኃይሌ ላጠብቀው ስል እጄን ያዘኝ። «መጀመሪያ ሁሉንም በእጅህ አስነክሳቸው። ከዚያ በመስቀለኛ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግህ እሰር። ጎማው አየር ላይ እያለ ቡሎኑ ራሱ መሀል ያስገባዋል» አለኝ። የቡሎኑ አንገት ሾጣጣ ነው፤ ከቀዳዳው አፍ ጋር ሲገጥም ቸርኬውን ወደ መሀል ይስበዋል። ቸኩሎ አንዱን ጥግ ያጠበቀ ሰው ቸርኬውን ወደ አንድ ወገን ያዘምመዋል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው በእጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያገኘዋል። በሁለት ዘመዳሞች መካከል ያለችውን ያችን ግማሽ ሚሊሜትር የሚሞላት ትዕግሥት ነው። በሰው ዘንድም እንደዚያው ይመስለኛል፤ አማቾችን ያየ ያውቀዋል።

«ይገባል» ያለው ነጋዴ ስለ ቸርኬ ነበር የተናገረው። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ቃሉ በአፌ ውስጥ ይዞር ጀመር። እቃ ሲገጥም ገባ እንላለን። ነገር ስንረዳም ገባን እንላለን። በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ሳላስተውል የኖርኩት ነገር አለ። «ነገሩ ገባኝ» ስል ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፤ የገባው ነገሩ ነው። እኔ የተገባበት ቤት ነኝ፤ የሚመጣውን ለመቀበል በልክ መቦርቦር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት እያለን ግን ዕውቀትን እኛ እየዘመትን የምንይዘው አገር አድርገን ነበር የምናስበው።

ይህ የገባኝ በካርቡራተር ነው። መኪናዋ ሞተሯ ከተነሣ ጀምሮ ጭስ ታበዛ ነበር። ቤንዚን ትጠጣለች፤ ዳገት ላይ ትታፈናለች። ካንዴላዎቹን ስፈታቸው ደረቅ ጥላሸት ለብሰው ይወጣሉ። አንዱ መካኒክ ፋሻዎቹ አልቀዋል አለኝ፤ ሌላው ቫልቭ ነው አለኝ፤ ሦስተኛው ሞተሩ ወርዶ ካልታደሰ አይሆንም አለኝ። ሦስቱም በልበ ሙሉነት ነበር የነገሩኝ። ብሩ ስላልነበረኝ ብቻ ራሴ ልፈታው ወሰንኩ። መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ጠረጴዛ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፌ ቦሎኛ የተሠራውን ያንን ዌበር ካርቡራተር አንድ በአንድ በተንኩት። ከውስጡ ጂግለሮቹ ወጡ፤ ቤንዚን የሚያልፍባቸው፣ መሀላቸው የተበሳ ትንንሽ የናስ ቡሎኖች ናቸው። አንዱ ላይ 130 የሚል ተቀርጾበታል፤ ቀዳዳው 1.30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው።

ያን ቁጥር አምፖል ሥር አድርጌ ረጅም ጊዜ አየሁት። የጻፈው ሰው የሚተነፍሰው አየር ከባሕር ጠለል ብዙም ያልራቀ የጣሊያን ሜዳ አየር ነው። እኔ ያለሁት ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ያች ቀዳዳ ለወፍራም አየር የተመጠነ ቤንዚን ለቀጭን አየር ትሰጣለች። መኪናዋ አልታመመችም። የተወለደችበትን አገር ምግብ በሌላ አገር እየበላች ነው እንጂ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ከአሮጌ ካርቡራተሮች ሣጥን ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ስበረብር ውዬ 120 የሚል አገኘሁ። በሳምንቱ የፈታኋቸው ካንዴላዎች ቡና ቀለም ይዘው ወጡ። በካርቡራተር ምክንያት ያለቀሰ ሰው አላየሁም፤ ካንዴላዎቹን በእጄ ይዤ ግን ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አልክድም። የሦስቱ መካኒኮች መልስ ስህተት የሆነው ዕውቀት ጎድሏቸው አይደለም፤ እኔ ከማውቀው አሥር እጥፍ ያውቃሉ። ግን ከመፍታታቸው በፊት ገብቷቸው ነበር።

መፍታትም እንዲሁ ያለ ቃል ነው። ቡሎን ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል። ቅኔ የተማሩ ሰዎች ሲናገሩ እንደሰማሁት የፈታ ሁሉ አልገባውም፤ ሰምና ወርቁን ለይቶ አስቀምጦ መልሶ ማሰር ያልቻለ ገና ተማሪ ነው። በጋራዥም ሕጉ ያው ነው። ፈትቶ ማሰር ነው ሙያው። የካርቶን ክዳን ላይ የሞተሩን ቅርፅ በእርሳስ ሥዬ፣ እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቦታ እየወጋሁ ነው የማስቀምጠው፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው የተሰነጠቀ ሞተር ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ገጥሜ ስጨርስ አንድ ቡሎን ከተረፈኝ አላድርም። ሌሊትም ቢሆን ተነሥቼ እንደገና እፈታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ ራሳቸው ልናገር። የያዝኩት ካቻቪቴ ነው፤ የፈታሁት ካንዴላ ነው፤ የረገጥኩት ፍሬንና ፍሪሲዮን ነው፤ ከኋላ የሚጮኸው ማርሚታ ነው። ታርጋው፣ በየዓመቱ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። የቆምኩበት ገበያ፣ የመርካቶ ስምም የጣሊያን ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 በቆየው ወረራ ጊዜ የአራዳን ገበያ ወደዚህ ወደ ምዕራብ ያዛወሩት ጣሊያኖች ናቸው። የመጡት በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ነበር፤ ያን የሚያስረሳ ነገር የለም። አያቶቻችን ግን ሰውየውን አስወጥተው መፍቻውን አስቀሩ። ከዚያ ቃሉን እንደ እቃው በራሳቸው ላይ ገጠሙት። ዛሬ እናት ያለ ልክ የሚናገር ልጇን «ፍሬንህ ተበጥሷል እንዴ?» ብላ ትቆጣዋለች፤ የየት አገር ቃል እንደሆነ ለአፍታ አታስብም። የራሳችን አልነበረም። ገባ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አንድ ሌሊት መንገድ ዳር ካቆምኳት መኪና የግራውን ስፖኪዮ ነቅለው ወሰዱት። ጠዋት የቀረው ሁለት ቀዳዳና የተላጠ ቀለም ብቻ ነበር። ያየ ሁሉ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሶማሌ ተራ ሂድና ግዛው።» ይህ በከተማችን እንደ ተረት የሚነገር ነገር ነው፤ ማታ የጠፋ ጠዋት እዚያ ይገኛል ይባላል። እዚያ የማውቃቸው ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። አብዛኛው እቃቸው በግልጽ የገዙት ነው፤ በኮንቴይነር ከዱባይ የመጣ፣ ተጋጭታ ከተጣለች መኪና የተፈታ። ሐሜቱ ግን ሁሉንም እኩል ይነካል። እኔም የመጀመሪያ ስሜቴ ሄዶ መግዛት ነበር፤ የራሴን ስፖኪዮ መልሰው ቢሸጡልኝ እንኳ ከመክፈል አልመለስም ነበር።

ያን ጊዜ ነው «ይገባል» የሚለው ቃል ሌላውን ፊቱን ያዞረብኝ። ይህን ማድረግ ይገባል፣ ያን ማድረግ አይገባም እንላለን። ይገባኛል ብለን ፍርድ ቤት እንቆማለን። አባቶቻችን የሚገጥመውንና የሚገባንን፣ ትክክል የሆነውንና የእኔ የሚባለውን በአንድ ግሥ ሲጠሩ ምን አስበው እንደነበር እኔ ለመናገር አልደፍርም። ግን ከእጅ ሥራ የመጣ ይመስላል። ሌላ ሰው በር ላይ ተገጥሞ ያደረ ስፖኪዮ እኔ በር ላይ ቡሎኑ ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል። ይገባል፤ ግን አይገባም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ እቃ በቅን ልቦና የገዛን ሰው ይጠብቀዋል፤ የተሰረቀ እቃ ሲሆን ግን ወደ ባለቤቱ ያደላል። ሕጉ የሚያውቀውን እጄ አያውቅም ማለት አልቻልኩም። በየሱቁ «ከየት የተፈታ ነው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ተነሥቶ የተጋጨችውን መኪና ሬሳ ጓሮ ወስዶ ያሳየኛል። አራት ወር ያለ ግራ ስፖኪዮ ነዳሁ፤ አንገቴን እያዞርኩ።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ነጋዴው ደወለልኝና «ጋሼ፣ ቶሎ ይድረሱ፤ ባለቤቱ ራሱ እዚህ አለ» አለኝ። ደረስኩ። ሰማያዊና ነጭ ላዳ አጥሩ ጥግ ቆማለች፤ ኮፈኗ ተነቅሏል። አጠገቧ ጋቢ የደረቡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ቆመዋል። በዚያች መኪና ልጆቻቸውን አስተምረዋል። መፍታቱን ለሱቁ ልጆች አልሰጡም። በየቡሎኑ ላይ ዘይት ጠብ እያደረጉ፣ ዝገቱ እስኪለሰልስ እየጠበቁ፣ አንድም ቡሎን ሳይሰብሩ ነበር የሚፈቱት። ስፖኪዮውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው ሰጡኝ። «ብዙ አገልግላለች» አሉኝ፤ «ደህና አድርገው ይያዟት።» ስለ ስፖኪዮው ይሁን ስለ መኪናዋ አልለየሁም። ሌላ ቋንቋ የተጠቀሙበት፣ ያረጀ፣ ሁለተኛ እጅ ይል ይሆናል። እኛ «ያገለገለ እቃ» እንላለን። ያገለገለ ሰው ጡረታ ይወጣል፣ ይከበራል፤ ካህንም ያገለግላል። ቃሉን በየማስታወቂያው ሳነበው ኖሬ ክብሩን ያየሁት በእኚያ ሰው እጅ ነው።

ስፖኪዮው የመኪናዬን በር ቀዳዳዎች አልገጠመም። አዲስ ቀዳዳ መብሳት ነበረብኝ፤ የድሮዎቹን ሞልቼ ደፈንኳቸው። ዛሬ ቀረብ ብሎ ያየ ሁለት ጠባሳ ያገኛል። በቀለም ልሸፍናቸው አስቤ ተውኩት። የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ፍየሉ ወይም በጉ በሕይወት ሳለ የቆሰለበት ቦታ ቆዳው ሲወጠር ቀዳዳ ይሆናል፤ ብራና ፋቂው በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል። ጸሐፊው እዚያ ሲደርስ ገጹን አይጥለውም። ቃሉን ከፍሎ፣ ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል። አንባቢውም ዓይኑ ዘሎ ያነባል።

መኪናዬ ዛሬ ምን ያህሏ የራሷ ነው? አንድ ወዳጄ ይህን ጠይቆኝ ቁጥር ልሰጠው ሞክሬ ነበር። አንዱ ቸርኬዋ የላዳ፣ ጂግለሯ የማን እንደነበር የማይታወቅ፣ ስፖኪዮዋ የእኚያ ሰው፣ የቀኝ በሯ መያዣ በቶርኖ ቤት የተሠራ ነው። የኋላ ፍሬኖቿ ግን የራሷ ናቸው፤ እህቷ እዚያ ላይ ተለይታታለች፣ ታምቡር ለብሳ ነው የመጣችው። ቁጥሩን ጀምሬ ጠፋብኝ። ጥያቄውም ትክክል አልመሰለኝም። ተጠጋግኖ የተረፈ ነገር ሁሉ፣ ቤትም ይሁን ቤተሰብ፣ ከሌላ በተፈታ ነው የቆመው። መጠየቅ ያለበት ከማን እንደተፈታና እንዴት እንደታሰረ ነው፤ እኔም ለእያንዳንዱ እቃ ይህን ለመመለስ የምችለውን ያህል መዝግቤያለሁ። ጂግለሩ ላይ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ ይከነክነኛል።

በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች በየመንገዱ በዝተዋል። ለከተማዋ አየር በጎ ነው፤ እኔም የምተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ግን ካንዴላ አውጥቶ ቀለሙን አይቶ የሞተርን ሆድ የሚያነብ እጅ ለማን እንደሚተላለፍ ሳስብ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ የሰፈሬ ልጆች ኮፈኗን ከፍቼ ስሠራ ሲሰበሰቡ አላባርራቸውም። ክሪክ ላይ የቆመች መኪና ሥር እንዳይገቡ ብቻ እቆጣቸዋለሁ፤ ከዚያ አንድ አንድ ቡሎን በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ።

ባለፈው አርብ ሶማሌ ተራ ነበርኩ። የአዛን ድምፅ ሲሰማ ነጋዴው ተነሣ፤ «ጋሼ፣ እስክመለስ አንድ ጊዜ ሱቁን ይዩልኝ» ብሎኝ ወደ ጁምዓ ሶላቱ ሄደ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ወጣት መጣ፤ አባቱ የተዉለትን ላዳ አሰማምሮ ሊነዳት ነው የሚፈልገው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መሀል አንዱን በጣቱ አሳየኝ። ያ ያኔ እዚህ የተውኩት የተጣመመው የራሴ ቸርኬ ነበር፤ ተቃንቶ፣ ብርማ ቀለም ተቀብቶ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለላዳ ይገባል?»

አውርጄ ሰጠሁት። «አይገባም» አልኩት። «የላዳው ፊያት ላይ ይገባል፣ ይሄ ግን ላዳ ላይ አይገባም። የመሀሉ ቀዳዳ በግማሽ ሚሊ ይጠባል።»

ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን ዳሰሰ። ብዙ ቆየ።

«ቢሞረድስ?» አለኝ።

ጠጋ ብዬ በርጩማው ላይ ቦታ ለቀቅሁለትና ነጋዴው ከሶላት እስኪመለስ ቸርኬውን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተቀመጥን።